«ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ» ስለተባሉ ሴቶች

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ጋዜጣችሁ ስለ ጡት ካንሰር ያስነብባል፤ ሴቶች ጡታቸውን እንዲዳስሱ፣ እብጠት ያገኙ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ፣ አቅሙ ያላቸውም ማሞግራም (የጡት ራጅ) እንዲነሡ ይመክራል። ምክሩን ሰምቼ የተመረመርኩ አንባቢያችሁ ነኝና አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ውጤቱ «ደህና ነሽ» ወይም «ካንሰር ነው» ሳይል በመካከል ሲቀር፣ ከጡቱ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ወይስ በክትትል ይቆይ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ሴትዮዋ በምን መዝና እንደምትወስን በአማርኛ ተብራርቶ አላነበብኩም። ይህ ጥያቄ በእኔም በታናሽ እህቴም ላይ ደርሷል። የእኔው በሰላም አለፈ፤ የእሷ ግን ሊከፈል የማይገባው ዋጋ ተከፈለበት፤ በዚያም ውስጥ የእኔ ጥፋት ስላለበት ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል። እህቴም ታሪኳ እንዲነገር ፈቅዳለች።

በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ በ51 ዓመቴ፣ ለረጅም ዘመን አብራኝ ያስተማረች ባልደረባዬ በጡት ካንሰር ካረፈች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ምንም ሕመም ሳይሰማኝ ወደ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ሄጄ ማሞግራም ተነሣሁ። አልትራሳውንድም ተጨመረልኝ። ውጤቱን በመስኮት ያቀበለችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ ነበረች፤ «ይኸው እናቴ፣ ለሐኪምዎ ያሳዩት» አለችኝ። እኔ ግን ሐኪም ልኮኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ የሄድኩ በመሆኔ የማሳየው ሰው አልነበረኝም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመጨረሻው መስመር «ቢራድስ 3» ይላል፤ ቀጥሎም ከስድስት ወር በኋላ ክትትል እንዲደረግ ያሳስባል። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ነኝና ቋንቋው አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ ቁጥሩ ነው። ካንሰር አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ እየተባለ እንደሚቆጠር እሰማ ስለነበር፣ ሦስተኛ ደረጃ ደርሶብኛል ብዬ ደመደምኩ። በዚያ ሌሊት ልጆቼ ከተኙ በኋላ የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሬ የት እንዳሉ በወረቀት ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከአምስት ቀን በኋላ ያገኘሁት ቀዶ ሐኪም ፊልሞቹን መስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ ቁጥሩ ካንሰር ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚናገር እንዳልሆነ አስረዳኝ። ቢራድስ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ (የምስል ሐኪሞች ማኅበር) ያዘጋጀው መለኪያ ሲሆን፣ የሚመዝነው ምስሉን ያነበበው ባለሙያ ያደረበትን ጥርጣሬ ነው። ዜሮ ማለት ምስሉ ስላልበቃ ተጨማሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ምንም የለም፣ ሁለት የታየው ነገር ጉዳት የሌለው መሆኑ ታውቋል ማለት ነው። ሦስት «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» የሚባለው ሲሆን፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ነው። አራት ናሙና የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ሁለት በላይ ጀምሮ እስከ 95 ድረስ ስለሚዘረጋ በሦስት ይከፈላል። 4ኤ ከመቶ ሁለት በላይ እስከ አሥር፣ 4ቢ ከአሥር እስከ ሃምሳ፣ 4ሲ ከሃምሳ እስከ 95 ድረስ ያለውን ይይዛሉ። አምስት ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ስድስት ደግሞ በናሙና አስቀድሞ የተረጋገጠ ካንሰር ነው። እነዚህን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ፖስታውን በተቀበልኩበት መስኮት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ አምስቱን ቀንና ሌሊት እንደዚያ ባላሳለፍኩ ነበር።

«ከመቶ ሁለት ቢሆንስ? ለምን አሁኑኑ በመርፌ አይታይልኝም?» ብዬ ጠየቅኩት። ሐኪሙ ጥያቄውን አልናቀውም። ሦስት ቁጥር የሚሰጣቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ ጠርዙ የለሰለሰ ሞላላ እጢ ወይም አንድ ላይ የተሰባሰቡ ክብ ክብ የካልሲየም ነጠብጣቦች፣ እጅግ አብዛኞቹ ካንሰር እንዳልሆኑ በብዙ ሴቶች ላይ የታየ መሆኑን ነገረኝ። ለሁሉም መርፌ ቢገባ ብዙ ሴቶች ያለ ጥቅም ሕመምን፣ የደም መቋጠርን፣ ወጪንና ውጤት እስኪመጣ ያለውን ጭንቀት ይሸከማሉ። ይህ አሠራር የተመሠረተው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በዚህ መልክ በክትትል እንዲቆዩ የተደረጉ 3,184 «ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም» የተባሉ ምስሎችን መርምሮ ካንሰር ሆነው የተገኙት 17 ብቻ መሆናቸውን፣ እነዚህም ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ሳሉ መያዛቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት በእጅ ከመዳሰሳቸው በፊት በምስል ላይ በታየ ለውጥ ነው የታወቁት።

ይህን ጥናት ሳስብ ዘወትር የሚከነክነኝ ነገር አለ። የአብዛኞቹ ሴቶች ካንሰር በጊዜ የተያዘው መጠበቅ በራሱ ስለሚያድን አይደለም፤ በቀጠሯቸው ቀን ተመልሰው ስለመጡ፣ አዲሱ ምስል ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ ስለታየ፣ ለውጥ ሲገኝም ወዲያው ናሙና ስለተወሰደ ነው። ክትትል የሚባለው ሕክምና እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ የሚሠራ ነው። አንዱ ከጎደለ የሚቀረው ስም ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ሕክምና ላይ ያለች እየመሰላት በቤቷ ትቀመጣለች።

እኔ ሦስቱም ነበሩኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ጡረታዬ ትንሽ ብትሆንም ልጆቼ ይደግፉኛል፤ ቀኑንም የማስታውስበት ምክንያት ነበረኝ። በግንቦት 2014፣ በኅዳር 2015 እና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ተመልሼ ተነሣሁ። በሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያው ማዕከል ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ወደ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያም የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ነገር የቀድሞው ፊልም ነው። ከአልጋዬ ሥር በፌስታል አስቀምጬው ስለነበር አቀረብኩ። ባልይዘው ኖሮ ለማነጻጸር የሚሆን ነገር ስለማይኖር ንባቡ ከዜሮ ይጀመር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ለውጥ ስላልታየ ቁጥሩ ወደ ሁለት ወረደ። ስለዚህ ክትትልን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በእኔ ላይ በትክክል ሠርቷል።

የእህቴ ነገር ሌላ ነው። የምትኖረው ወሎ ውስጥ ነው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ የ44 ዓመት ሴት ሳለች፣ በግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ዳስሳ አዲስ አበባ መጣች። አልትራሳውንድና ማሞግራም ተነሣች፤ ወረቀቱ «4ኤ» የሚል ሆነ፤ ያየቻት ሐኪም ናሙና እንዲወሰድ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ሰጠቻት። ማታ እቤቴ ተቀምጠን ሳለ «እትዬ፣ መርፌ ከነካው ይበተናል ይባላል፤ አንቺ መርፌ ሳትነኪ ደህና ሆነሽ የለም ወይ?» አለችኝ። እኔም «የእኔም እንዲሁ ነበር፤ በክትትል ነው የዳንኩት፤ ሐኪሞች ይቸኩላሉ፤ ጥቂት ቆይተሽ እዪው» አልኳት። የሦስትንና የአራትን ልዩነት ከእኔ በላይ የሚያውቅ በቤተሰቡ ውስጥ አልነበረም፤ እያወቅሁ ግን የራሴን መልስ ለእሷ ጥያቄ ሰጠሁት። እኔ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አልነበረኝም፤ እሷ ነበራት። በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት ያላት ሴት ማሞግራሟ ንጹሕ ቢሆን እንኳ በዚያ ብቻ አትሰናበትም፤ የሐኪም እጅ፣ ምስልና ናሙና ሦስቱ ተስማምተው እስኪናገሩ ድረስ ይመረመራል። በተለይ በወጣት ሴቶች ዘንድ የጡቱ ሥጋ ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ነጭ ሆኖ የሚታየው እጢም በውስጡ ሊሰወር ይችላል።

እህቴ ሳምንቱን ሳትጨርስ ወደ አገሯ ተመለሰች። ጸበል ተጠመቀች፤ ይህን አልነቅፍም፤ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ጸበሉም ቀጠሮን አይከለክልም። ክረምቱ ሲገባ ለመምጣት አሰበች፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ይከፈታል ሲባል እየተዘጋ፣ ገንዘቡም ለሌላ እየዋለ፣ በጥቅምት 2016 ተመልሳ ስትመጣ ሰባት ወር አልፎ ነበር። 1.2 ሳንቲ ሜትር የነበረው እጢ 2.6 ሆኖ፣ ጠርዙም ተንጨባርሮ ተገኘ፤ አዲሱ ወረቀት 4ሲ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ስላለ ነው። በመጀመሪያ የተወሰደላት በቀጭን መርፌ የሚቀዳ የሴል ናሙና ነበር፤ ውጤቱም «የካንሰር ሴል አልታየም» ብሎ መጣ። ቤተሰቡ እልል አለ፤ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። ሐኪሟ ግን «ፊልሙና መርፌው አልተስማሙም» ብላ ደስታችንን አላጸደቀችም። ምስሉ ይህን ያህል እያስጠረጠረ ናሙናው ነጻ ቢል፣ መርፌው ከእጢው አጠገብ አልፎ ሊሆን ይችላልና ይደገማል አለች። ሁለተኛው ወፈር ባለው መርፌ፣ ቦታው በማደንዘዣ ደንዝዞ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ተወሰደ። እህቴ ያመማት ማደንዘዣው ሲገባ ብቻ እንደነበር ትናገራለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእግሯ ሄዳ ምሳ በላን። በዚህ መርፌ የሚገኘው የሥጋ ቁራጭ በመሆኑ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከመናገር አልፎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት ጭምር ይጠቁማል። የእሷ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ከቀዶ ሕክምናው፣ ከኬሞቴራፒውና ወራት ከተጠበቀለት ጨረር በኋላ ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ሥራዋንም ጀምራለች። ነገር ግን በመጋቢቱ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ኬሞቴራፒውን ሳትወስድ ትድን እንደነበር ሐኪሟን ጠይቄ የሰማሁትን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«መርፌ ከነካው ይበተናል» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። በአገራችን ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት እብጠቱ ቆዳ ካነሣ በኋላ ነው፤ መርፌ ወይም ቢላ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥም ያርፋሉ። አስታማሚው ያየው የቅርቡን ነገር ስለሆነ ሞቱን ለመርፌው ይሰጠዋል፤ ቀድሞ በዝምታ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ዓመታት ማንም አይቆጥራቸውም። ሰው ክፉ ነገርን ባየው ነገር ማስረዳቱ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የመርፌ ናሙና የተወሰደላቸው ሴቶች በዚህ ምክንያት የመዳን ዕድላቸው እንደማይቀንስ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ይህን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ያለበት እንደ እናንተ ያለ ጋዜጣ ነው። በተቃራኒው በኩል ያለው ስሕተትም አብሮ መነገር አለበት፤ ናሙና ታዘዘ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። 4ኤ ከተባሉት ውስጥ ከአሥር ዘጠኙና ከዚያም በላይ ካንሰር ሳይሆኑ ይቀራሉ። እህቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ መርፌውን እንደ ፍርድ አትፈራውም ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ በአገራችን ሴቶችን ሁሉ በየተራ የሚጠራ የማሞግራም ልየታ ፕሮግራም እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ምስል የሚነሡት በአብዛኛው ወይ እንደ እኔ በራሳቸው የሚሄዱ ከተሜዎች ወይ እብጠት አግኝተው የሚላኩ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዓመቱ በጡት ካንሰር እንደተያዙ፣ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉም በዚሁ እንደሞቱ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ማዕቀፍ ደግሞ አገሮች ከሚጠየቁት አንዱ፣ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቅቆ ምንነቱ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። እህቴ ላይ 60 ቀኑ ያለፈው ማሽን ወይም ሐኪም ጠፍቶ አልነበረም፤ የቁጥሩን ትርጉም በሚገባት ቃል የነገራት ሰው ባለመኖሩና በዚያ ባዶ ቦታ እኔ ስለገባሁበት ነው።

ስለዚህ ምስል የሚያነሡትን ማዕከላትና የሚቆጣጠሯቸውን የጤና አካላት የምለምነው ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጋር ግማሽ ገጽ የምትሞላ ማብራሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ ሴትዮዋ በምትናገረው ቋንቋ ትያያዝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአጎቴ ልጅ እንደነገረችኝ እዚያ ማሞግራም ለተነሣች ሴት ሁሉ ለሐኪሙ ከሚላከው ሪፖርት ሌላ በቀላል ቃል የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው። እዚህ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ፊልሙ ወይም ሲዲው ለባለቤቷ ይሰጥ፤ ለምን እንደሚጠቅማትም ይነገራት። በክትትል እንድትቆይ ስትታዘዝ «ከስድስት ወር በኋላ» ከማለት ይልቅ ቀኑና ወሩ ተጽፎላት፣ ስልኳ ተመዝግቦ፣ ካልመጣች የሚደውልላት ሰው ይኑር።

ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሞቻችን ለእያንዳንዷ ሴት ከምስሉ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡላት እማጸናለሁ፤ ጥያቄውም «በዚህ ቀን መመለስ ይችላሉ ወይ?» የሚል ነው። የክትትሉ መመሪያ የተጻፈው መልሱ «አዎ» እንደሚሆን ታስቦ ነው። ሦስት ቁጥር ያላት ሴት በቅርብ ዘመዶቿ የጡት ካንሰር ከነበረ፣ ስጋቱን መሸከም ካቃታት፣ ወይም ተመልሳ መምጣቷ የማይታመን ከሆነ፣ ከመጠበቅ ይልቅ ናሙና መውሰድ በሕክምናው ተቀባይነት ያለው ምርጫ ነው። ሁለት ቀን በእግርና በመኪና ተጉዛ፣ በግ ሸጣ የመጣች፣ መንገዱ ነገ ክፍት ስለመሆኑ ማንም ዋስ የማይሆንላት እናት፣ እኔ ኮተቤ ተቀምጬ የተቀበልኩትን ቀጠሮ በእኩል ልትቀበል አትችልም። ያው ምስል፣ ያው ቁጥር ቢሆንም ለእኔ ክትትል ለእሷ ግን መርፌ ትክክል ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። የሐኪሙን ሥራ ለማስተማር አልዳዳም፤ ሴትዮዋ ከየት እንደመጣችና እንዴት እንደምትመለስ ግን ከፊልሙ ላይ አይነበብም፤ እሷ ካልተጠየቀች ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ለሴቶች እህቶቼም አንድ ቃል ልጨምር። የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ፤ «ቢራድሱ ስንት ነው? ምን ያህል አስጠረጠራችሁ? ብጠብቅ ምን ላጣ እችላለሁ? መርፌው የቱ ነው? ውጤቱ ከፊልሙ ጋር ይስማማል ወይ?» በሉ። ጎረቤታችሁ ወይም ታላቅ እህታችሁ በክትትል ደህና ሆነች ማለት ስለ እናንተ ጡት አንዳች አይናገርም። እኔ ለእህቴ ያልኳትን ቃል ማንም ለእህቱ እንዳይለው እሻለሁ።

ጋዜጣችሁ የጡት ካንሰርን በሚመለከት በሚያወጣው በሚቀጥለው ጽሑፍ አንድ ራዲዮሎጂስትና አንድ ቀዶ ሐኪም ጋብዞ ይህን የቁጥር ነገር ለአንባቢ እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የጻፍኩት ታማሚና አስታማሚ ሆኜ ያየሁትን ነው፤ እነርሱ ቢያርሙኝና ቢያሟሉልኝ ደስ ይለኛል። የእህቴ ቀጣይ ምርመራ ጥር ላይ ነው፤ ቀኑን በሁለታችንም ስልክ ላይ መዝግበነዋል፤ የቀድሞ ፊልሞቿ ከእኔ ዘንድ በፌስታል ተቀምጠዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣሁ መምህርት
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ